ፍላሹ እኔ ጋ ነበር

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የሚያወሩ ሰዎችን ስሰማ የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ደግሞ ከጀርባቸው አይደለም፣ ፊት ለፊት ነው የምስቅባቸው፣ ጎረቤታችን በጓሮ በኩል ጥላ አየሁ ስትል «መነጽር ግዢ» ያልኳት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ እናንተም ብትስቁብኝ አልቀየምም፣ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ ሳቁ። አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ማትሪክ ባይመጣልኝም መብራት ከሌለ ቲቪ እንደማይበራ አውቃለሁ፣ ያን ያህል አይጠፋኝም።

ቤታችን ዓለም ገና ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ እናቴ ከሞተች ስለቆየች ሦስት ነበርን፣ አባባ፣ ታላቅ ወንድሜ ገመቹና እኔ። ያ ማስተር ፕላን የሚባለው መጥቶ መሬታችሁ ወደ አዲስ አበባ ሊካለል ነው የተባለ ጊዜ ገመቹ ከጓደኞቹ ጋር ለሰልፍ ወጣ፣ ወጣና አልተመለሰም፣ ስልኩም ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ለታ ከሚኖርበት ከተጂ በእግሩም በባጃጅም ብሎ መጣና ከጭድ ክምሩ ጀርባ ጠራኝ። ገመቹን ተጂ መንገድ ላይ ጥይት አግኝቶታል፣ እዚያው በጥድፊያ ቀብረውታል፣ ይኸው ነው፣ እንዲሁ ነገረኝ፣ እኔም አላለቀስኩም፣ አባባ አውድማ ላይ በሬ ሲነዳ ይሰማኝ ነበራ።

«አባትሽ እንዳይሰማ» አለኝ አጎቴ። «ልቡ ምን እንደሆነ ሐኪሙ የነገረሽ አንቺን ነው። ጤፉም ገና አልተወቃም። ዘመድ ሳይሰበሰብ ማን ያረዳዋል? መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌ ይዤ በንጋት እመጣለሁ፣ እስከዚያ አፍሽን ያዢ።»

መርዶ በኛ ዘንድ በንጋት ነው፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው በግራ በቀኙ ቆሞ ነው የሚነገረው። አባት የልጁን ሞት ብቻውን ከሰማ ነውር ነው፣ ከነውርም በላይ ነው፣ ቤተሰቡ ዕድሜ ልኩን ይወቀስበታል። ችግሩ አባባ ቲቪ አለው። ያን ጊዜ ከውጭ አገር የሚተላለፍ አንድ ጣቢያ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የታሰሩትንና የተገደሉትን ስም ይጠራል፣ ፎቶም ያሳያል፣ አባባ ደግሞ ማታ አውድማ ጥበቃ ነው የሚያድረው፣ አንድ ቀን ታዲያ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «የሚቀዳ ሪሲቨር አለ ይላሉ፣ ግዢልኝ፣ ገመቹ የታሰረበትን ከጠሩ አያምልጠኝ።»

እሺ አልኩት፣ ወዲያው እሺ ያልኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ካልገዛሁለት ጎረቤት ሄዶ በቀጥታ ያየዋል፣ ከገዛሁለት ግን ሪሞቱ በእኔ እጅ ነው።

ሰበታ ጋሽ ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ ነጋዴ ሱቅ ሄድኩና ሁለት ዓይነት አወጡልኝ።

«ይሄኛው ሆዱ ውስጥ ሃርድ ዲስክ አለው፣ የወር ፕሮግራም ይቀዳል፣ አንዱን ጣቢያ እየቀዳ ሌላውን ታያላችሁ። ያኛው ግን ፍላሽ ይሰካበታል፣ ፍላሹን ከነቀልሽው አይቀዳም፣ የተቀዳውንም አያሳይም። እኔን ከሰማሽ ባለ ሃርድ ዲስኩን ውሰጂ።»

«ባለ ፍላሹን ስጡኝ። የተቀዳው ይጠፋል አይደል ጋሼ?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። «ሰው ሁሉ እንዳይጠፋ ነው የሚጠይቀኝ፣ አንቺ እንዲጠፋ ትጠይቂኛለሽ?»

«ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?»

«ይጠፋል፣ 'ይጥፋ ወይ' ብሎ ይጠይቅሻል፣ አዎ ትዪዋለሽ፣ አለቀ።» ጠቅልለው ሰጡኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ፍተሻ አለ፣ ጎመን ገዝተሽ ከሥሩ አድርጊው።» ጎመን ገዝቼ ከሥሩ አደረግኩት፣ የተረፈውን ጎመን ሦስት ቀን በላነው።

ዲሹን ያ ጣቢያ ወዳለበት ሳተላይት ማዞር ነበረብኝ። ድሮ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ገመቹ ነው፣ እኔ ቲቪው ፊት ቁጭ ብዬ የጥራቱን ቁጥር እጮህለታለሁ፣ አሁን እኔ አስራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ይዤ ወጣሁና አባባን ቲቪው ፊት አስቀመጥኩት። ቆርቆሮው ይፋጃል፣ ብሎኑ ዝጓል፣ ከታች «ሃያ!» አለ፣ ትንሽ አዞርኩት፣ ዝም አለ፣ ደግሞ አዞርኩት፣ «ሰላሳ አምስት... ትንሽ ወደ ግራ፣ ሌንሴዋ... ሰባ ሁለት! በቃ፣ እንዳትነኪው!» አጥብቄ አስሬ ወረድኩ። ወንበሩ ባዶ ነው፣ ቲቪው ላይ ሰባ ሁለት ይላል፣ አባባ መንሹን እንደያዘ በአጥሩ በር ሲገባ አየሁት።

«በሬው ጤፉ ውስጥ ገባብኝ እኮ፣ ሃያ እንዳልኩ ነው የሮጥኩት፣ ተስተካከለልሽ?»

ስሜ ሌንሴ ነው፣ ሌንሴዋ ብሎ የሚጠራኝ ግን በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የጎረቤት ሬዲዮ ነው አልኩ፣ ሳቅኩም፣ እመኑኝ ያን ቀን ስቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ይሄ ሆነ፣ ማታ ይቀዳል፣ ጠዋት አባባ ሳይመጣ እኔ ቀድሜ አየዋለሁ፣ የገመቹ ስም ከሌለ ለምሳ እተውለታለሁ። አባባ ትሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያል፣ ፎቶ በመጣ ቁጥር ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሶ ያቆማል፣ ፎቶው ሲያልፍ ይጎርሳል፣ ስም ዝርዝሩ ሲያልቅ «ተመስገን፣ የእኛ የለም» ይላል። አንድ ቀን የአንድ ጎረምሳ ፎቶ አይቶ «የዚህን አባት እዩት፣ ልጁን ከሳጥን ውስጥ ሰማ፣ ወገን የለውም እንዴ?» አለ፣ እኔ ወጥ ጨመርኩለት። ይሄ አልበቃ ብሎኝ፣ የተፈታ ልጅ ገመቹን እስር ቤት አይቶታል፣ ደህና ነው አልኩት፣ አባባም በደስታ ተነስቶ የገመቹን ጃኬት አመጣና «ብርድ ነው እዚያ፣ ላኪለት» አለኝ። ጃኬቱን ለአጎቴ ሰጠሁት፣ አጎቴም ለበሰው።

የገመቹ ፎቶ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ የተማሪ መታወቂያው ላይ ያለው፣ ጆሮው የቆመበት ፎቶ። ይጥፋ ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት።

በምሳ ሰዓት «ትናንት መብራት ጠፍቶ አልቀዳም» አልኩ።

«ከአውድማ ሳይ እኮ ሰፈሩ በርቶ ነበር።»

«እኛ ጋ ጠፍቷል አልኩህ።»

አባባ ትሪውን ወደ ራሱ ሳበ፣ ያን ቀን አንዴም ሳያቆም ነው የበላው።

በማግስቱ ጠዋት ፍላሹ ላይ ሁለት ቅጂ አገኘሁ። አንዱ የተለመደው ነው፣ ሁለተኛው የጣቢያ ስም የለውም፣ 05:00 ብቻ ይላል፣ በኛ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው፣ እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንዲቀዳ አላዘዝኩም። ከፈትኩት። ምስሉ ጨለማ ነው፣ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፣ ውሻ ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ የቆርቆሮ በር ተገፋ፣ የብዙ ሰው እግር፣ ድንጋይ ላይ የሚያርፍ ከዘራ፣ ሳል፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ኦቦ ደበላ!» አለ፣ ኦቦ አቶ ማለት ነው፣ ደበላ አባቴ ነው፣ ቆየና «ኦቦ ደበላ!» አለ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ፣ ከሦስተኛው በኋላ አንዲት ሴት ጮኸች፣ አለቀ። ውሻው የኛ ውሻ ነው፣ የተገፋው የኛ በር ነው፣ የሴትየዋን ጩኸት ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው ያስጠላዋል አይደል፣ እንደዚያ አስጠላኝ።

የአባባ ድምፅ ውስጡ የለም። አስተውያለሁ፣ አላስተዋለችም እንዳትሉኝ፣ ግን ደንግጦ ዝም ብሎ ነው አልኩ።

አጠፋሁት፣ በማግስቱ ተመልሶ አለ፣ ሌላ ፍላሽ ገዛሁ፣ እሱም ላይ አለ። ከዚያ ወዲያ ዝርዝሩ ተቀድቶ እንዳለቀ ፍላሹን ነቅዬ ጡት መያዣዬ ውስጥ አድርጌው እተኛ ጀመር፣ ጠዋት ስሰካው 05:00 ብሎ ይጠብቀኛል። ለማን ልንገር? የሳቅኩባት ጎረቤት ጋ ልሂድ?

አንድ ቀን ምሳ ላይ አባባ ትሪውን ገፋ አደረገና «ሌንሴ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ?» አለኝ። ያን ጊዜ ብነግረው ኖሮ እያልኩ ነው እስከዛሬ የምተኛው፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አልነበረም፣ አጎቴ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ መንገድ ተዘግቶበት ተመልሷል፣ ያኔ ንዴትም ፍርሃትም ያዘኝና «ምን እደብቅሃለሁ? ጤፍህን ውቃ!» አልኩት። አባቴ ተነስቶ ጤፉን ሊወቃ ሄደ።

ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ የገባ ቀን ማታ አጎቴ ደወለ፣ መንገድ ተከፍቷል፣ ነገ ንጋት እንመጣለን አለ። አባባ ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ አደረ። መብራት ገና በጊዜ ሄዷል፣ በኩራዝ እራት በላን።

«ያን ፍላሽ ማታ ማታ የት ነው የምትወስጂው?» አለኝ።

«ጥሩ ቦታ ነው ያለው፣ ተኛ።»

«እሺ» አለ፣ «አንቺም ተኚ ኢንተላ ኮ፣ ደክሞሻል።»

እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከወሰደኝም ጥቂት ነው። ውሻው አንድ ጊዜ ሲጮህ ሁለተኛውን ቆጠርኩለት፣ ሦስተኛውንም፣ ቀጥሎ በሩ አልኩ፣ በሩ ተገፋ፣ ከዘራው አልኩ፣ ከዘራው ድንጋዩን ነካ፣ ሳሉ አልኩ፣ አጎቴ ሳለ። ተነስቼ ወደ ሳሎን ሮጥኩ፣ አባባን እኔ ልቀስቅሰው፣ ቢያንስ እጁን ልያዘው ብዬ ነው።

ሳሎኑ በቲቪው ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል። መብራት የለም፣ ማብሪያውን ጫንኩት፣ አምፖሉ አልበራም፣ ቲቪው ግን በርቷል፣ አባባ ወንበሩ ላይ ነው፣ ሪሞቱ ጭኑ ላይ፣ ቲቪው ላይ ገመቹ አለ፣ ጆሮው የቆመበት ፎቶ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሰው አቁሞት የሚያየው ፎቶ። እጄን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ፣ ፍላሹ አለ፣ በላቤ ሞቋል።

ከውጭ «ኦቦ ደበላ!» አሉ። የአባባን እጅ ያዝኩት፣ ቀዝቅዟል፣ ከሪሞቱ አይለይም። «ኦቦ ደበላ!» ሁለተኛው ነው፣ ከሦስተኛው በኋላ ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ፣ ጣቴን ነከስኩት፣ ጠባሳው ይኸው አለ፣ ሦስተኛውን ጠሩ። ማርያምን፣ አፌ ዝግ ነበር። ጩኸቱ ግን ተሰማ፣ ከሳሎኑ ውስጥ ነው የወጣው፣ ውጭ ያሉት ሁሉ ሰምተውታል።

አጎቴ በሩን ገንጥሎ በስልኩ መብራት ገባ፣ የገመቹን ጃኬት ለብሶ። ቲቪው ጠፍቶ ነበር። የገባ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፣ ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነበር፣ አንቺ ትጮሂ ነበር። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ፣ ልቡስ ይሁን፣ ማን አቆመው ነው የምለው እኔ።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው፣ ከሩቅ መጥተዋል፣ መርዶ ይዘዋል፣ የሚቀበለው የለም። ተማከሩ፣ ከዚያ አስቀመጡኝ፣ ሁለት ሴቶች በግራ በቀኜ ያዙኝ፣ አባባ አጠገቤ ወንበሩ ላይ እንዳለ ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን አስደግፎ ጉሮሮውን ጠራረገና «ልጄ፣ በርቺ፣ ወንድምሽ ገመቹ...» ብሎ ጀመረልኝ። ሥርዓት ነዋ፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ከአርባው በኋላ አንዲት ሴትዮ ከቡራዩ መጣች፣ የጎረቤታችን ዘመድ ናት፣ ልጇ ሞቷል፣ ባሏ ታሞ ተኝቷል፣ አልሰማም፣ ቲቪው ላይ ነው ዓይኑ። የሚቀዳ ሪሲቨር እንዳለኝ ነግረዋት ነው የመጣችው። ከመስጠቴ በፊት ፍላሹን ሰክቼ አየሁት፣ አንድ ቅጂ አለ፣ 05:00፣ አልከፈትኩትም። ፍላሹንም ሪሲቨሩንም ጎመን ሥር አድርጌ አስያዝኳት።

በር ላይ ደርሳ ዞረችና «እህቴ፣ የተቀዳው ይጠፋል አይደል?» አለችኝ።

«ይጠፋል» አልኳት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አትጠይቁኝ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ቀን ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ይጠራል፣ የሷ ቁጥር ነው፣ አንስቼው አላውቅም፣ ሦስት ጊዜ ብቻ ይጠራና ይቆማል፣ እኔም ሦስተኛው ሳይደርስ አፌን በሁለት እጄ እይዛለሁ።