የመጀመሪያዋ ሙሉ ጾም

«አባባ፣ ይሄ ዳቦ ጠዋት ያስቀመጥኩልዎት አይደል እንዴ?»

አያቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ ዝንፍ የማይሉት እጆቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ዳቦውም ጭማቂውም አልተነኩም።

የማስተሰረያ ቀን ነው። እናቷና ወንድሟ ከማለዳ ጀምሮ ምኩራብ ናቸው። አያቷ «ድንቢጥ» የሚሏት ይህች ልጅ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ማታ ልትጾም ቆርጣለች። ወንድሟማ «ገና ቀትር ሳይሆን ታፈርሺዋለሽ» እያለ ሲያሾፍባት ስለሰነበተ እልህ ይዟታል። አሁን ከጸሎቱ መሀል ወጥታ የመጣችው አባባን አየት አድርጋ ልትመለስ ነበር።

«መርፌዎንስ ተወግተዋል?»

«እሱንማ ተወግቻለሁ። መርፌ ምግብ አይደለም» አሉ፣ አንደበታቸው እየተሳሰረ። «የሐኪሙን ትእዛዝ በግማሽ አክብሬያለሁ።»

«ኧረ ጉዴ ፈላ! የስኳር መርፌ ተወግተው ምንም ሳይቀምሱ? ሊገድልዎት እኮ ነው! ረቢውስ ቢሆኑ ዛሬ የግድ ይብሉ ብለውዎት የለም?»

«ብለዋል።» አንገታቸውን ደፉ። «ግን ድንቢጤ፣ ሰው ሁሉ ለንስሐ ቆሞ እኔ እዚህ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ላላምጥ? አፈርኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ጊዜ አፍርሼው አላውቅም።»

ጭማቂውን ስታስጠጋላቸው እንደ ሕፃን ከንፈራቸውን ገጠሙ። ምኩራቡ ሩቅ ነው። እናቷን ጠርታ እስክትመለስ አባባ ራሳቸውን ቢስቱስ? በዚህ ዓለም ላይ እንደ እሳቸው የምትወደው ሰው የለም። ደግሞም የወንድሟ ሳቅ ከወዲሁ ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ለመምሸት እኮ የቀረው ትንሽ ነበር።

ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችና ግማሹን አፏ ውስጥ ወተፈችው።

«አንቺ! ጾምሽ!» አባባ ክው አሉ።

«ብቻዬን አልበላም አሉ አይደል? ይኸው፣ ብቻዎን አይደሉም» አለች አፏን እንደሞላች። «በሉ እንግዲህ፣ ጭማቂው ይቅደም።»

አያቷ አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ብርጭቆውንም ተቀበሏት። እጃቸው አልጸና ስላለ ከስር ደገፈችላቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«ቀስ ብለሽ አላምጪ እንጂ፣ ያንቅሻል» አሉና፣ የቀረውን ግማሽ ዳቦ ከእጇ ወሰዱ።