ሸዋወርቅና ያልደረቀችው ታንኳ

«ሸዋዬ፣ ደንገሉ የጠጣውን ውሃ ገና አልተፋም። ነገ ትሻገሪያለሽ» አሏት አባቷ አቶ ማናሴ፣ ታንኳዋን በመዳፋቸው እየዳበሱ።

«ነገማ ጋሮምሳ ሥራውን ወስዶት!»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ልጄ።»

ሸዋወርቅ ምክር የምትይዝበት እጅ አልነበራትም፤ ሁለቱም ጋቢ ተሸክመዋል። የአዳማዋ ነጋዴ ዙህራ የቱሉ ጉዶ ደሴትን ሸማኔዎች ጋቢ ለሸዋወርቅና ለጋሮምሳ ለሁለት ከፍላ፣ ዛሬ ደረቁን ማዶ ባቱ ከተማ ላደረሰ የዓመቱን ጭነት እሰጣለሁ ብላለች። ጋሮምሳ የሞተር ጀልባ አለው። የማናሴ ቤት ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የዝዋይን ሐይቅ በደንገል ታንኳ እያቋረጠ የነገደ፣ ከውሃው በቀር ርስት የሌለው ቤት ነው። ይህ ሥራ ካመለጠው ያበቃለታል። ታንኳ ከጉዞ በኋላ ቆማ ፀሐይ ካልመታት እንደምትሰጥም የሐይቁ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ሸዋወርቅም ታውቃለች፤ አውቃ ገፍታት ወጣች።

መሀል ሐይቅ ሳትደርስ ከአርሲ ተራሮች በኩል ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ታንኳዋን ከኋላ እያንገጫገጨ ጎኗን ዋጠው። ሸዋወርቅ ጋቢዋን በሸራ ጥርቅም አድርጋ ሸፈነችና ውሃ ውስጥ ተንበርክካ ቀዘፈች። ይህ ሳያንስ ጉማሬ ከፊቷ ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ።

«ሂድ! ዛሬ ላንተ ጊዜ የለኝም!» ውሃውን በመቅዘፊያዋ ደጋግማ አጮለችው። ጉማሬው ጠለቀ፤ በታንኳዋ ሥር ሲያልፍ ግን በጀርባው ገጫትና ማሰሪያዋን በጠሰው። ደንገሉ መበተን ጀመረ።

ያኔ የጋሮምሳን ጀልባ አየች። ሞተሩን እምቦጭ አንቆት ማዕበሉ ያንገላታዋል። ሸዋወርቅ ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አላት። ቀጥላ የራሷ ታንኳ ከሥሯ እየሄደች መሆኗን አስታወሰች።

«ጋሮምሳ! ገመድ ወርውር!»

«ሞተሩ ሞቷል፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ጀልባህ መች ሞተ!»

የወረወረላትን ገመድ ይዛ ጋቢዋን ወደ ጀልባው አሻገረች፤ እሷም ተንጠልጥላ ወጣች። ዞር ስትል አባቷ የሠሯት ታንኳ ተፈታትታ ትንሳፈፋለች። አለቀሰች፤ ግን እያለቀሰች ሸራውን ከጋቢዋ ላይ ገፈፈችው።

«ሞተሩን ከውሃ አውጣው። መቅዘፊያውን አቁምና ይህን ሸራ እሰርበት!»

የጋሮምሳ ጋቢ በበርሜል ታሽጓል። የእሷ ግን ራቁቱን ቀረ። «ጋቢሽ ይበሰብሳል እኮ!» አላት።

«እዚህ ከምንበሰብስ ይሻላል። አጥብቀው!»

ሸራው ተነፋ። ጀልባዋ እምቦጩን በጣጥሳ ወደ ባቱ ከነፈች።

ዙህራ ዳርቻው ላይ ጋቢዎቹን በጣቷ ፈተሸች። የጋሮምሳ ደረቅ ነው፤ የሸዋወርቅ ሲጨመቅ ውሃ ይወርደዋል።

«የኔ እህት፣ ቃል ቃል ነው። ሥራው የጋሮምሳ ነው።»

ሸዋወርቅ ጎንበስ ብላ ጋቢዋን ጨመቀች። ዓይኗ ግን ሸራው ላይ ነበር። አሁንም ተወጥሮ ጀልባዋን ወደ አሸዋው ይገፋል። ግማሹን ሐይቅ ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ተሻግረዋል። ፈታ ትከሻዋ ላይ ጣለችውና ወደ ከተማው መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» ጮኸ ጋሮምሳ።

«አናጢ ፍለጋ። ለሸራዬ ምሰሶ፣ ለምሰሶው ጀልባ ላሠራ።»

ጋሮምሳ አንዴ የሞተውን ሞተር፣ አንዴ የምትርቀውን ልጅ አየ። በርሜሎቹን እዚያው ለዙህራ ጥሎ ሮጠ።

«ምሰሶውን ብቻ አሠሪ! ጀልባውስ አለ!»