የአሮጊቷ ክዳን

አሮጌ መኪና የሚገዛው ሰውዬ ግቢ ሲገባ መምህሩ ቁርሱን ትቶ ወጣ። «አሮጊቷ» የሚላት መኪና ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፣ ወንበሯም የድመት መኝታ ሆኗል። እሱ ግን ዛሬም ያጥባታል፣ ይወለውላታል። ልጆቹ ሽጣት ባሉት ቁጥር «ባለውለታዬን?» እያለ ሲያኮርፍ ኖሯል። ከስንት ልመና በኋላ እሺ ቢልም፣ አሁን እጁን የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ክዳን ላይ ጭኖ አልላቀቅ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ከበረንዳው ሆና አየችው።

ያኔ፣ ሳይጋቡ በፊት፣ ጎረቤታሞች ነበሩ። ተማሪዎቹ ፊት ምላሱ የማይታሰረው መምህር፣ እሷ ፊት ከ«እንደምን አደርሽ» አያልፍም። እሷም ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ፣ ዛሬስ ይናገር ይሆን እያለች ትጠብቃለች። ቀድማ እንድትናገር ኩራቷ አልፈቀደላትም። በመጨረሻ አክስቷ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኙላትና ሻንጣዋን አሰረች።

«መናኸሪያ ላድርስሽ» አላት። ከዚያ በላይ ቃል አልወጣውም።

መንገድ ላይ የአሮጊቷ ሞተር ደጋግሞ ጠፋ። ማደያ ሲደርሱ ደግሞ ክዳኗ አልከፈት አለ። መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ ታገለው፤ ላብ አጠመቀው። ከኋላ የተሰለፉት ጥሩምባቸውን አንባረቁ።

«ወንድሜ፣ ቤንዚን ልትቀዳ ነው ወይስ ሚስት እየለመንክ ነው?» አለ አንዱ ባለታክሲ።

እሷ ከጎኑ ቆማ እጁን አየች። ከዚያ ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ አየች። ምንም አላለችም።

«አውቶብሱ ሊያመልጥሽ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከክዳኑ ሳያነሳ።

«ያምልጠኛ።»

ቀና አለ። ተያዩ። የጥሩምባው ጩኸት እንኳ የራቀ መሰላቸው።

«አትሂጂ» አላት። «ያለ አንቺ እኔ... በቃ፣ አትሂጂብኝ።»

አልሄደችም። ክዳኑ በኋላ እንዴት እንደተከፈተ እሱ አያስታውስም። «ይህ ክዳን እምቢ ባይል ኖሮ እናታችሁ አምልጣኝ ነበር» እያለ ግን ለልጆቹ ስንቴ አወራ!

አሁን ልብስ ሰፊዋ ከበረንዳው ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«ስማ መምህር፣ ያን ቀን ክዳኑ ምንም አልሆነም። ወደ መዝጊያው ነበር የምታዞረው።»

«ምን?»

«ባዞርከው ቁጥር ታጠብቀው ነበር። በኋላ እኔ በሁለት ጣቴ ከፈትኩት።»

«ስታገል ታዪኝ ነበር?»

«የስፌት መኪና ብሎን ስፈታና ሳጠብቅ የምውል ሰው፣ እንዴት አላይም?»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ብነግርህ ይከፈታል። ከተከፈተ ቤንዚን ይቀዳል። ቤንዚን ከተቀዳ መናኸሪያ ታደርሰኛለህ። አንተ ደግሞ ገና አልተናገርክም።»

መምህሩ እንደ ልጅ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ክዳኑን ለቀቀና የሚስቱን እጅ፣ ዕድሜ ልክ መርፌ የወጋጋውን ጣቷን ያዘ።

«ውሰዳት ወንድሜ» አለ ወደ ገዢው ዞሮ። «ባለውለታዬ መኪናዋ አይደለችም።»