ጭማሪው የገባበት ቀትር

የአየር መንገዱ የነጥብ ክፍል ኃላፊ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር የሞተው። የሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ቀኝ እጁ ጠረጴዛውን አቋርጦ ባለጉዳይ ወደሚቀመጥበት ወንበር ተዘርግቷል፤ መዳፉ ወደ ላይ ነው። ጽዳቷ ሰባት ተኩል ላይ ቅርጫት ልትደፋ ገብታ ነው ያገኘችው፤ ጩኸቷ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ።

መርማሪዋ ስምንት ሰዓት ላይ ስትደርስ የአየር መንገዱ ሐኪም ሥራውን ጨርሶ ነበር። ሰውየው የቆየ አስም ነበረበት፤ የገደለውም እሱ ነው፣ ስድስት ሰዓት ገደማ። ታዲያ ፖሊስ ምን ሊሠራ ተጠራ? ወደ አፍ የምትነፋው መድኃኒቱ ከስልኩ አጠገብ ተለይታ አታውቅም ነበርና ነው። ዛሬ የተገኘችው ሁለት ፎቅ ወርዳ፣ በባለጉዳይ አዳራሹ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው። መድኃኒት እግር የለውም፤ የወሰዳት ሰው አለ።

ከዚያ ቅርጫት አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ደግሞ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ትኬት ሲጠብቅ አርፍዷል፤ ከጩኸቱ በኋላ ማንም እንዳይወጣ ስለተከለከለ አሁንም እዚያው ነው። ረፋዱ ላይ ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ ሲወርድ «ትንፋሽ ያሳጥርህ» ብሎ ሲራገም አዳራሹ በሙሉ ሰምቶታል። ወይ አለመታደል! ከእርግማን ሁሉ መርጦ ይህችን። መርማሪዋም ሌላ ነገር አልፈለገችም፤ ሽማግሌውን ጥበቃ ክፍል አስገብታ በሩን አስቆለፈችበት። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚል ቅጽል ያወጡላት ሴት ያን ጊዜ አንድም ለምን አልወጣትም። ይህን እስከ ዛሬ ድረስ ለራሷ ይቅር አላለችም።

ቃሉን ልትቀበል ስትገባ ሽማግሌው አልጮኸም፣ አልማለም። ሰዓት ስንት ነው ብቻ አላት። ልጁ ባሕረኛ ነው፤ ከወደብ ወደብ ሲበር አሥራ አንድ ዓመት ነጥብ ያጠራቀመ። አሁን በሩቅ አገር ሆስፒታል ተኝቷል፣ ነገ ጠዋት ልቡ ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል፣ ሐኪሞቹም ቤተሰብ ይምጣ ብለዋል። ልጁ ነጥቡን ለአባቱ አስተላለፈ። አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ለደረሰ በሩ ይዘጋል። ለነጥብ የምትሰጠው ወንበር በየበረራው ሁለት ብቻ ስለሆነች ቀጣይዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

«ልጄ» አላት፣ «የምትፈልጊኝ ከሆነ ስመለስ እሰሪኝ። ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ቆመሽ ጠብቂኝ። ዛሬን ብቻ ልቀቂኝ።»

ሕጉ አይፈቅድላትም። ሌላ ሰው ካላገኘች በቀር ሽማግሌው የትም አይሄድም። ግን እስኪ ለምን ተጣላችሁ ብላ ጠየቀችው፤ ዘግይታም ቢሆን።

ለማያውቅ ነገሩን ላስረዳ። ብዙ የበረረ ሰው ነጥብ ይጠራቀምለታል፣ ነጥቡ ሲሞላ ነፃ ትኬት ይሰጠዋል። ነፃ ይባል እንጂ የነዳጅ ጭማሪ የሚሏት ነገር አለች፤ እሷ በነጥብ አትከፈልም። ሰውን ድግስ ጠርቶ የማገዶ እንደማስከፈል ነው። ነዳጅ በተወደደ ቁጥር ትወጣለች፣ የምትታሰበውም ትኬቱ በተቆረጠበት ሰዓት ነው። ያ ሰኞ ከአራት መቶ ሃያ ወደ አምስት መቶ አሥር የምትወጣበት ቀን ነበር፣ ልክ በቀትር። አዳራሹ ከማለዳ ጀምሮ የተጨናነቀው ለዚህ ነው።

ሽማግሌው አራት መቶ ሃያውን አምስት ሰዓት ላይ ከፍሏል፣ ደረሰኙም በኪሱ ነው። በሌላ ሰው ነጥብ ለሚሄድ መንገደኛ ግን ትኬት የሚቆረጠው በኃላፊው ማሽን፣ በኃላፊው ኮድ ብቻ ነው። ኃላፊው ደግሞ የልጁ ፊርማ በስልክ ፎቶ መጣ ብሎ አልቀበልም አለ፤ ከምሳ በኋላ ተመለስ አለው። ከምሳ በኋላ ማለት ከጭማሪው በኋላ ማለት ነው። ሠራተኞቹ ሰውየውን በሌለበት «አቶ ደንቡ» ይሉታል፣ ለተጠየቀው ሁሉ «ደንቡ ነው» ስለሚል። ሽማግሌው ተራግሞ ወረደ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ ሁለተኛ አልወጣም። ኋላ ትኬት ቆራጯ መጥታ ትኬቱን እጁ ላይ አኖረችለት። ስንት ሰዓት ላይ? የእጅ ሰዓት የለውም።

መርማሪዋ ትኬቱን ተቀብላ አየችው። ቀን አለው እንጂ ሰዓት አልተጻፈበትም። የሰዓቱ መዝገብ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ብትደውል ሁለት ቀን ጠብቂ ተባለች። ከታች በኩል ያለውን ቁጥር አየች፣ የሽማግሌውን ደረሰኝ አየች፣ መልሳ ትኬቱን አየች። ከዚያ ሁለቱንም ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

በኃላፊው ቢሮ ያገኘችው ምክትሉ ከምሳ መልስ ሰላሳ ጊዜ ክራቫቱን ያስተካከለ ይመስላል። እየተናገረ ዓይኑ የሟቹ ወንበር ላይ ያርፋል። አልደበቃትም። «ወንበሩን ተመኝቻለሁ፣ ሞቱን ግን አልተመኘሁም» አላት። ስድስት ሰዓት ላይ ምን ሲሠራ እንደነበር ስትጠይቀው የኃላፊውን ስልክ ሲጠብቅ እንደነበር ነገራት። ዋጋ በተቀየረ ቀን ኃላፊው ራሱ እየደወለ «አዲሱ ገብቷል» ብሎ ለየመስኮቱ ያውጃል፤ በዘጠኝ ዓመት አንድ ደቂቃ አዛንፎ አያውቅም። ዛሬ ዝም ሲል ምክትሉ አምስት ደቂቃ ታግሶ ራሱ ለየመስኮቱ ደወለ። ሄዶ አላየውም? አላየውም። ይህን ሲናገር ድምፁ ወረደ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ አንድ ነው።

ትኬት ቆራጯን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት። አሥራ ስምንት ዓመት እዚያው መስኮት ተቀምጣለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ኃላፊው አምስት ተኩል ላይ ልቡ ራርቶ ትኬቱን አዘጋጅቶ እንደሰጣት፣ ወረፋው በዝቶባት ለሽማግሌው ዘግይታ እንዳደረሰች ተናገረች። በአጭሩ፣ ሳትንተባተብ። መርማሪዋ ልትወጣ ስትል ነው የጠራቻት።

«ጋሼ ምሳ በልተዋል እንዴ?»

አልበላም ነበር። እትዬ ዳቦና ሻይ ራሷ ገዝታ በዘበኛው እጅ ላከችለት።

ጽዳቷ ዓይኗ እስኪያብጥ አልቅሳ ኮሪደር ላይ ተቀምጣለች። እሷ ዘንድ ያልተጠየቀ ነገር ሁሉ አለ። የኃላፊው የይለፍ ቃል ከኪቦርዱ ሥር በወረቀት ተለጥፏል፤ ያ ሁሉ ደንብ እያለ! ምክትሉ ለወዳጆቹ ከቀትር በኋላም ቢሆን አሮጌውን ዋጋ እየጻፈ እንደሚሰጥ አዳራሹ ያውቃል። እትዬስ? እትዬ ለእናቷም ልጅ አታደርገውም። ከሦስት ዓመት በፊት እህቷ ስትታመም በአማቷ ነጥብ ልትሄድ ነበር፣ አቶ ደንቡ እንዲሁ ቆይ ቆይ እያለ ከቀትር አሳለፈባት። ልዩነቱን እስክታገኝ ሳምንት ሄደ። የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው።

«በማግስቱ ሥራ ገባች» አለች ጽዳቷ። «እኛ ነን ያለቀስነው፣ እሷ አላለቀሰችም።»

መርማሪዋ አንድ ቦታ ብቻ ቀራት። ገንዘብ ያዡ ዘንድ ወርዳ ሁለት ደቂቃ አነጋገረችውና ይዛው ተመለሰች።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉንም በኃላፊው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፣ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ማንም ግን ሊቀመጥበት አልደፈረም። ሽማግሌውንም አስመጣችው፤ በሩ አጠገብ ቆሞ የግድግዳውን ሰዓት ያያል።

«በእጁ እንጀምር» አለች። «ሰው ሲያንቁት እጁ ይከላከላል። የዚህ ሰው እጅ ግን መዳፉን ገልብጦ ተዘርግቷል፤ የሚለምን ሰው እጅ ነው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ነበር፣ መድኃኒቷም በዚያ ሰው እጅ ነበረች።»

ጣቷን ወደ ስልኩ ቀሰረች።

«ሁለተኛ፣ በቀትር መደወል የነበረበት ሰው አልደወለም። ዘጠኝ ዓመት ያላዛነፈ ሰው ዛሬ ዝም ያለው መናገር ስላልቻለ ነው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አብቅቶለታል። ሦስተኛ፣ ይህ ትኬት በሟቹ ኮድ ተቆርጧል። አምስት ተኩል ላይ ከሆነ ጭማሪው አራት መቶ ሃያ ይሆናል። እዚህ የተጻፈው አምስት መቶ አሥር ነው።» ትኬቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይህ ዋጋ የገባው በቀትር ነው። የሞተ ሰው ደግሞ ትኬት አይቆርጥም።»

ምክትሉ እንደገና ክራቫቱን አስተካከለ። የይለፍ ቃሉን እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቀው አለ።

«አውቃለሁ። በነጥብ ትኬት ላይ ጭማሪውን ቆራጩ በእጁ ነው የሚያስገባው፣ ማሽኑ የተሰጠውን ይቀበላል። እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይጽፉ ነበር?»

ምክትሉ ሰዎቹን ሁሉ አየ፣ መሬቱን አየ። «አሮጌውን» አለ በመጨረሻ።

«አሮጌውን። ሌባም ቢሆን፣ ደግ ሰውም ቢሆን፣ ማንም ሰው ቢሆን አሮጌውን ይጽፋል፤ ሽማግሌው የከፈለው እሱን ነውና። አዲሱን የሚጽፍ ስድስት ሰዓት ካለፈ ሌላ መጻፍ የማይችል ሰው ብቻ ነው። ማሽኑ ደግሞ ሙሉ ክፍያ ካላየ አያትምም። ዘጠናውን ማን ጨመረ?»

ገንዘብ ያዡ የሚገባበት ጠፋው። «እትዬ ናት» አለ። «ከቦርሳዋ አውጥታ ነው የሰጠችኝ፣ ጋሼ ጎሎባቸው ነው ብላ። ማንም ስላልጠየቀኝ እኮ ነው።»

ትኬት ቆራጯ አልካደችም። እንዲያውም ትከሻዋ ወረደ፣ የከበደ ዕቃ እንዳስቀመጠ ሰው።

«ለጋሼ ልለምንላቸው ነው የወጣሁት» አለች። «ለእህቴ ስለምን የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኃላፊው ሲቆጣ ትንፋሽ አጠረው። መድኃኒቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳኋት። መጀመሪያ ቁረጥላቸውና ትወስዳለህ አልኩት። እጁን ዘረጋ። እኔ ደግሞ... ቆይ አልኩት። ልክ እንደሱ፣ ቆይ አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ደቂቃ ነበር የመሰለኝ። ልሰጠው ነበር። ለራሴም ልሰጠው ነበር እላለሁ፤ ግን አልሰጠሁትም። ትንፋሹ ሲቆም መጮህ አቃተኝ። ከዚያ ጋሼ ታች እየጠበቁ እንደሆነ ትዝ አለኝና ወርጄ ዘጠናውን ከፈልኩ፣ ተመልሼ ቆረጥኩላቸው። ሟቹ አጠገቤ ነበር። መድኃኒቷ እጄ ላይ ቀርታ ኖሮ ትኬቱን ስሰጣቸው አየኋትና ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። በእሳቸው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሲቆለፍባቸው ግን አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። ከሁሉም የሚበላኝ እሱ ነው።»

መርማሪዋ መጠየቅ ያላስፈለገውን ጠየቀች። «አሮጌውን ቢጽፉ እኮ ማንም አይደርስብዎትም ነበር።»

«ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር» አለች ትኬት ቆራጯ። በመልሱ ራሷም የተገረመች መሰለች።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ማንም አላሰበውም ነበር። በሞተ ሰው ኮድ የተቆረጠ ትኬት ዋጋ የለውም፤ ማስረጃም ስለሆነ ከመርማሪዋ እጅ አይወጣም። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ሁሉም ወደ ምክትሉ ዞሩ፤ ተተኪ ኃላፊ እሱ ነው። ምክትሉ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ሰነዱን ገለጠ፣ ፎቶ የተነሳችውን የልጁን ፊርማ ሲያይ ቆየ። አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ግድግዳውን አየ፣ ያን አምስት ደቂቃ ከኋላው ተቀምጦ የጠበቀበትን ግድግዳ። አፉን ዘጋና መቁረጥ ጀመረ። ሁለት ጊዜ ግን ተሳሳተ፤ በሦስተኛው ጊዜ ትኬት ቆራጯ ከበስተኋላው ቆማ ፊደል በፊደል ነገረችው። ከመርማሪዋ ጋር የመጣው ፖሊስ ክንዷን ይዟት ነበር።

ሽማግሌው አዲሱን ትኬት ሲቀበል አልሄደም። ትኬት ቆራጯ ፊት ቆመ።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አላት።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው። «አይደለም ጋሼ። ለራሴ ነው። እርስዎ የሉበትም፣ ይሂዱ።»

ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ ውሸት። መርማሪዋ የቱ ግማሽ የቱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሽማግሌውም ያወቀ ይመስላል።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በራሷ መኪና ወሰደችው። ለቆለፈችበት በር ይቅርታ ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ተወችው። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ሻንጣውን አወረደችለት፣ ትኬቱን በደረት ኪሱ ከተተችለት። ሽማግሌው ግን በሩ ላይ ዞረ።

«ልጄ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ትኬቱን እንዴት እንዳገኘሁ ነው» አላት። «ምን ልበለው?»

«እውነቱን ይንገሩት አባቴ።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ በሱ ነጥብ እንድመጣ ሰው መሞቱን ከሰማ አይድንልኝም» አለና ወደ ሰልፉ ገባ።