የሰሜኑ ዘንዶ ዓይን

የታዴዎስን ደብተር የከፈትሁት ለመቅናት ብዬ አልነበረም። ግን ቀናሁ።

የምንሠራው ባሕር ማዶ፣ ግሮቭ ሲቲ በምትባል ከተማ፣ የቀዘቀዘ ምግብ የሚከማችበት ዌርሃውስ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት ፍሪዘር ውስጥ ከቆየን ሃያ ደቂቃ ወጥተን እንሞቃለን። በዚያች ብሬክ፣ ቻይና የተማረው ታዴዎስ፣ የጥንት ቻይናውያን አይተውት ስለማያውቁት የሰሜን ጫፍ የጻፉትን ይተርክልኝ ነበር። ከበረዶ ሥር የሚኖር ግዙፍ አይጥ አለ፤ ጸጉሩን አንጥፎ የተኛ ብርድ አያውቅም። ፀሐይ በማትደርስበት ምድር ደግሞ ዘንዶ ተጋድሟል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ይነጋል፣ ሲጨፍን ይመሻል።

«አንዳንዴ ቀኑ ብልጭ ድርግም ይላል» ብሎኝ ነበር። «ቆንጆ ስታልፍ አፍሮ ዓይኑን ሰበር ሲያደርግ ነው።»

እኔም ዓይኔን ሰበር አደረግሁ። ኢስትሙር ሰፈር ወዳለችው አክስቴ ሽማግሌ ልላክ ወይ ያለኝ በሳምንቱ ነው። እሺ ልለው አንድ ቀን ሲቀረኝ ተረቶቹ ያሉበትን ደብተሩን የእረፍት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። ቻይንኛው በእሱ እጅ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው አማርኛ ግን ክብ ክብ ያለ የሴት ጽሕፈት ነው።

«የማን ነው?»

«የፍርዶስ። አብረን ነው የተማርነው።»

«መማር ብቻ?»

ደብተሩን ከእጄ ተቀብሎ ዘጋው።

«እወዳት ነበር። የጥንቱን ቻይንኛ ማንበብ የምትችለውም እሷ ነበረች፤ ወደ አማርኛ የመለሰችውም እሷ ናት፤ እኔ ጽሑፉን ገልባጭ ብቻ ነኝ። እዚያው ቻይና ቀርታ አግብታለች።»

ማግባቷ አላጽናናኝም። ያን ሁሉ ብሬክ የሌላ ሴት ቃል እየሰማሁ ስስቅ ከርሜአለሁ። ሦስት ቀን ሸሸሁት።

ሽማግሌ ሊሆኑ የነበሩት ጋሼ አሥራት በካርቶን መሐል አገኙኝ። «ልጄ፣ ቅዳሜን ኦፍ ለመውሰድ የሱፐርቫይዘሩ እግር ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ልምጣ ወይስ ሥራዬን ልሥራ?»

ነገ እነግርዎታለሁ አልኋቸው።

ዓርብ ታዴዎስ ደብተሩን እፊቴ አስቀምጦ፣ ከፈለግሽ ጣይው ብሎኝ ወደ ፎርክሊፍቱ ሄደ። አልጣልሁትም። የቀና ሰው ማንበብ ይወዳል። አይጡ አለ። ዘንዶው አለ፤ ዓይኑን ይገልጣል፣ ይጨፍናል። እፍረቱ ግን የለም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እንደገና ፈለግሁ። የትም የለም።

ፍሪዘሩ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ቆንጆዋ የት አለች?»

«የቷ?»

«ዘንዶው ፊት ያለፈችው። ፍርዶስ አልጻፈቻትም።»

ጓንቱን እያወለቀ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን ሰበር አደረገ።

«እሷን ያገኘኋት እዚህ ነው» አለ።

ጋሼ አሥራትን ቅዳሜ ይምጡ አልኋቸው።

ደብተሩን ግን አልመለስሁለትም። ዛሬም አልፎ አልፎ አወጣዋለሁ። የፍርዶስ ጽሕፈት አሁንም ከእኔ ጽሕፈት ያምራል።