ከሟች የመጣ መልስ

አስከሬኑን ያጋለጠው ሽታው ነው። የድርጅቱ መሥራች ከቢሮው ጀርባ ባለችው ዕቃ ማከማቻ፣ አሮጌ ኮምፒውተሮች በተከመሩበት ጥግ፣ በመጋረጃ ተጠቅልሎ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈርክሷል። መርማሪዋ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ጎንበስ አለችና ቶሎ ቀና አለች። በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እንዲህ እንደ ጥራጊ የተወሸቀ ግን አይታ አታውቅም።

«ከሞተ ሁለት ቀን አልፎታል» አለ ሐኪሙ።

የማከማቻዋ ቁልፍ ያለው በሦስት ባልደረቦቹ እጅ ብቻ ነበር። ሦስቱም የሐኪሙን ቃል አላመኑም።

«ዛሬ ጠዋት እንኳ ጽፎልኛል» አለች ፕሮግራመሯ። «አሞኛል፣ ከቤት እየሠራሁ ነው ብሎ።»

ድርጅቱ ለመተግበሪያ ሠሪዎች የቻት አገልግሎት ያቀርባል። ተሳፋሪ ከሾፌሩ፣ ታማሚ ከሐኪሙ የሚጻጻፈው በእነሱ ሰርቨር በኩል ነው።

«እስቲ ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አለች መርማሪዋ።

«ተጠቃሚው ሁሉ የየራሱ መለያ አለው። የሚጻጻፉ ሰዎች አንድ ቻናል ውስጥ ይገባሉ፤ አባል ያልሆነ ሰው ወሬያቸውን አያይም። ሰው ስልኩን ከፍቶ ሲገባ ከስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል።»

«የእሱስ በርቶ ነበር?»

ፕሮግራመሯ ስልኳን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። «ከገባ ሁለት ቀን ይላል፤ ዛሬ አልበራም። ከስልኩ አልመጣም ማለት ነው። የሰርቨሩን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ደግሞ በማንም ስም መላክም ማንበብም ይችላል።»

«ማን ነው የያዘው?»

«ሦስታችንም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የሟቹ ሸሪክ ወፍራምና ቁጡ ሰው ነበር። «እኔ ውል እዋዋላለሁ እንጂ ኮድ አልነካም» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሦስተኛው ባልደረባ፣ ቻት ውስጥ የሚገቡ ስድቦችን የሚያጠፋው ተቆጣጣሪ ነው፤ ሳቂታው ይሉታል። ዓይኑ ቀልቷል። «እኔን የምታሳዝነኝ እናቱ ናት» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «እህቷን ሳትቀብር ልጇን...»

መርማሪዋ መርዶውን ይዛ ወደ እናትየው ቤት ሄደች። አሮጊቷ ሰምተው ሲያበቁ አላለቀሱም፤ ስልካቸውን ዘረጉላት።

«ተሳስታችኋል፣ ልጄ። ይኸው ይጽፍልኛል።»

መርማሪዋ አነበበች። እናትየው «ልጄ፣ አክስትህ አረፈች» ብለዋል። መልሱ ወዲያው ነው የመጣው፦ «እሺ እማዬ፣ በልቻለሁ፣ አታስቢ።»

መልሱን ደግማ አነበበችው።

«እማማ፣ የእህትዎን ሞት ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማንም። ከሆስፒታል የደወሉት ለእኔ ነው። ዘመዱን የሚያረዳው እሱ ነው ብዬ ስጠብቀው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በስብሰባ ክፍሉ ተቀመጡ፤ እናትየውም መጡ።

«ገዳዩ ሬሳውን ሊያወጣ ያሰበው ሕንፃው ባዶ ሲሆን ነው» አለች መርማሪዋ። «እስከዚያ ሟቹን ማንም እንዳይፈልገው መልእክት በመጣ ቁጥር በእሱ ስም የሚመልስ ፕሮግራም አዘጋጀ። ፕሮግራም ግን መርዶን ከምሳ አይለይም። ገዳዩም ማን ምን እንደጻፈ ለማወቅ ገብቶ ያነብ ነበር። የእናትና የልጅ ቻናል አባላት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የአክስቲቱ ሞት የተነገረው እዚያ ብቻ ነው።» ወደ ሳቂታው ዞረች። «አንተ ግን እህቷን ሳትቀብር አልከኝ። ማን ነገረህ?»

«ሰው ነው... ሰው ነገረኝ።»

«ማን?»

ትከሻውን ሰበቀ። «የታማሚዎችን ወሬ ሳነብ መሥራቹ ያዘኝ። ደስ ይለኛል፤ ስንቱ ያስቃል መሰላችሁ። ለደንበኞቹ ሁሉ እናገራለሁ አለ። በሰው ገመና መሳቅ ማንን ይጎዳል? ጀርባውን ሲሰጠኝ መታሁት።»

ሸሪኩ ወንበሩን ከአጠገቡ አራቀ። ፕሮግራመሯ አፏን ይዛ ወጣች። መርማሪዋም የገዳዩን እጅ ራሷ ልታስር ተነሥታ፣ ልትነካው ስለተጸየፈች ለፖሊሱ ምልክት ሰጠች።

ሲወስዱት እናትየው ስልካቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«እስከ የትኛው መልእክት ድረስ ነው ልጄ ራሱ የጻፈው?»

መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጽሑፎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ መለሰቻቸውና በአንዱ ላይ ጣቷን አቆመች።

«እማዬ፣ የመድኃኒትሽን ስም ላኪልኝ፤ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ» ይላል።

እናትየው መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ያኔ ነው ማልቀስ የጀመሩት።