ግድግዳው ላይ ያልተሳሉት

«ሳል ቢመጣብኝስ?» አለ ዲየኖር።

«ትውጠዋለህ» አለችው ዊድሊን።

«ማስነጠስስ?»

«እሱንም።»

«እሺ፣ ማጋሊ ፈስ ቢመጣባትስ?»

ማጋሊ በክርኗ ጎሸመችው። ትንሿ ፋፋን ገና ሦስት ዓመቷ ስለሆነ ምንም አልጠየቀችም፤ የማንጎዋን ፍሬ ትመጠምጣለች።

ዊድሊን ሦስቱን ታናናሾቿን ከክሊኒኩ በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከከሰል ጆንያዎች ጀርባ ደርድራ አስቀመጠቻቸው። ድሮ እዚህ ቦታ ጫካ ነበር ይባላል። አሁን ሰው የሚደብቅ ነገር ከሰሉ ብቻ ነው።

«ስማችሁን እስክጠራ ድረስ ንቅንቅ እንዳትሉ።»

«ኬርቨንስስ ለምን አይደበቅም?»

«ኬርቨንስ ግድግዳው ላይ አለ።»

«እኔም እኮ የዚያን ቀን ነበርኩ! ቁምጣዬ ተቀዶ ነው እንጂ!»

እውነቱን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከዋና ከተማው ከፖርቶፕረንስ የመጣ ሠዓሊ የክሊኒኩን ግድግዳ ሊቀባ ሲነሳ፣ አንድ አባት፣ አንዲት እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አምጡልኝ አለ። ሞርን ካዴ መንደር ላይ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ከነዊድሊን ቤት ንጹሕ ልብስ የነበራቸው ተመረጡ፦ አባትየው፣ እናትየዋ፣ ዊድሊንና ወንድሟ ኬርቨንስ። ፋፋንን ከእናቷ ጡት ላይ አንስተው ለጎረቤት አሳቀፏት። ሥዕሉ አማረ። አራቱም ይስቃሉ፤ ከኋላቸው ለምለም ተራራ አለ፤ ከእግራቸው ሥር «ትንሽ ቤተሰብ፣ ጤናማ መሬት» ተብሎ ተጽፏል። አባትየው ከዚያ ወዲህ ሸንኮራ ሊቆርጥ ድንበር ተሻግሮ ዶሚኒካን ገብቷል። ግድግዳው ላይ ግን አልሄደም።

ፋፋን ስትወለድ እናቷ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያተረፈቻት የክሊኒኩ ነርስ ሚስ ሮዝሌን ናት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወጋት ጀመር። መርፌውን የሚልኩት ባሕር ማዶ ያሉ መንግሥታት ናቸው፤ ሲስማሙ ይመጣል፣ ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ አይመጣም። ባለፈው ዓመት አጋማሽ ላይ አለቀ። ሚስ ሮዝሌን «የሚመጣው ወር» አለች። በሚመጣው ወርም «የሚመጣው ወር» አለች። አባትየው ለአዲስ ዓመት ቤቱ መጣ፣ የበዓሉን የዱባ ሾርባ ጠጣ፣ ተመለሰ። አሁን እናቷ ስድስተኛውን ልትወልድ ቀርባለች።

እናቷ ገበያ ስትወርድ ሕፃኑን ማን እንደሚይዘው ቤት ውስጥ ያነሳ ሰው የለም። ብቻ እናቷ የዊድሊንን የትምህርት ቤት ቀሚስ ማጋሊ ላይ አድርጋ ስትለካው አይታለች። ዊድሊን የትምህርቱን ነገር ትታዋለች። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ምጡ ሲመጣ ክሊኒኩ ክፍት እንዲሆን።

«ገንዘብ የሚሰጡን እንግዶች ግድግዳውን አይተው ከወደዱን፣ አንዘጋም» ብላት ነበር ሚስ ሮዝሌን፣ ፊቷን ሳታይ።

ሁለት መኪና መጣ። ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሴትዮና ጫማው የሚያብለጨልጭ ወጣት አስተርጓሚ ወረዱ። የዊድሊን እናት ክሊኒኩ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትልቅ የማንጎ ቅርጫት ታቅፋለች። ሆዷ ከቅርጫቱ ጀርባ ነው። ኬርቨንስ ከዊድሊን ጎን ልክ እንደ ሥዕሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል፤ ማንም እንዲህ ቁም አላለውም።

ሴትዮዋ ግድግዳውን አየች፣ ልጆቹን አየች፣ እንደገና ግድግዳውን አየች። አንድ ነገር ተናገረች።

«ሁለት ናችሁ ወይ? እያሉ ነው» አለ አስተርጓሚው።

«አዎ፣ ሁለት ነን» አለች ዊድሊን።  

የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ብዙ ተናገረች። አስተርጓሚው አሳጠረው፦

«በጣም ደስ ብሏቸዋል። እዚህ ሥራው ተሳክቷል ይላሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ከዚህ የባሰበት አገር ይሄዳል። ክሊኒኩ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። እንኳን ደስ አላችሁ።»

አስተርጓሚው ሲያጨበጭብ ሰዉም አጨበጨበ።

ዊድሊን ሚስ ሮዝሌንን በነጩ ጋውኗ ያዘቻት። «ንገሪያቸው!»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን!»

«እዚህ ከመድረሳቸው በፊት ፈርመዋል፣ ልጄ። እኔም የሰማሁት ጠዋት ነው። ለመሰናበት ነው የመጡት።»

«ታዲያ ለምን ደበቅናቸው?»

ሚስ ሮዝሌን ጋውኗን ከእጇ አላቀቀችና ወደ እንግዶቹ ዞረች።

ሴትዮዋ ከመኪናው ሁለት የትምህርት ቤት ቦርሳ አወጣች፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። ሁለቱንም ዊድሊን እጅ ላይ አኖረች። ቦርሳዎቹ አዲስ አዲስ ይሸታሉ።

«ላንቺና ለወንድምሽ» አለ አስተርጓሚው።

ዊድሊን ቦርሳዎቹን አየቻቸው። «ሦስት ይጎድላል» አለች።

«ምን?»

«ሦስት ይጎድላል። በሏት፣ ጌታዬ።»

ወጣቱ መኪናውን አየ። ወደ ምዕራብ ያዘነበለችውን ፀሐይ አየ። አቧራ የነካውን ጫማውን አየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ለሴትዮዋ በቋንቋዋ አንድ ነገር አላት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ምን አሏት?»

«አመሰግናለሁ ብላለች አልኳቸው። ምን ላድርግ፣ እህቴ? መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽ መውረድ አለብን።»

በዚህ መሃል ከገደሉ በኩል ማስነጠስ ተሰማ። አንዴ፤ ከዚያ ታፍኖ ሌላ። ሴትዮዋ ዞር አለች።

«ፍየል ናት» አለች ሚስ ሮዝሌን ፈጠን ብላ። አስተርጓሚው ይህቺን አሳምሮ ተረጎማት። ሴትዮዋ ሳቀችና መኪናው ውስጥ ገባች።

እናቷ ከቅርጫቱ በላይ ለዊድሊን ራሷን ነቀነቀች። ተይው ማለቷ ነው። ሞተሩ ተነሳ። የተደበቁት ቢታዩም ባይታዩም የተፈረመው እንደተፈረመ ነው፤ ምጡ ሲመጣ የክሊኒኩ በር ላይ ቁልፍ ይንጠለጠላል። ይህንን ዊድሊን ታውቃለች። ሴትዮዋ ብታያቸው ታዝን ይሆናል፤ ከዚያም መንገዱ ሩቅ ነው ብላ ትሄዳለች።

ቦርሳዎቹን ከግድግዳው ሥር፣ ከተሳሉት ሁለት ልጆች እግር አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደች። ከጆንያዎቹ ጀርባ ከሰል የለበሰች አንዲት ትንሽ እጅ ብቅ ብላ ተመለሰች።

የፊተኛው መኪና መንቀሳቀስ ጀምሯል።

«ዲየኖር!» ብላ ጠራች። ቀጥላ ማጋሊን። ቀጥላ፣ ድምጿ እስከሚሰነጠቅ ድረስ፣ ፋፋንን።